ካሪኩለሙ ለሚጨርሰው ልጅ ነው፤ ለሚያቋርጠውስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ክረምት በመጣ ቁጥር ገጾቻችን በመድረሳ ምረቃ ፎቶ ይሞላሉ። ጋዋን የለበሱ ልጆች፣ ሰርተፊኬት የያዙ እጆች፣ በደስታ የሚያለቅሱ እናቶች። ማሻ አላህ፣ አላህ ይጨምርልን። ደስታው የሁላችንም ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም።

ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ከእነዚህ ተመራቂዎች ጋር በአንድ ቀን አሊፍ ባ ታ ብለው የጀመሩት የቀሩት ልጆች የት ናቸው? የየትኛውንም መድረሳ መዝገብ ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ክፍል ስም ዝርዝር ከተመራቂዎቹ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ነው፤ የመጨረሻው ላይ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ለተመረቁት ድግስ ደግሰናል። ለሄዱት ግን ምን አስይዘን እንደሸኘናቸው ጠይቀን አናውቅም።

ክርክሬ አጭር ነው። የመድረሳዎቻችን ካሪኩለም የተሠራው ለሚጨርሰው ልጅ ነው። አብዛኛው ልጅ ግን አይጨርስም። ስለዚህ ካሪኩለሙ አብዛኛውን ልጅ የሚያሰናብተው የግል ግዴታውን ሳያስተምረው ነው። ይህ ደግሞ የአስተዳደር ጉድለት ብቻ አይደለም፤ አላህ ፊት የምንጠየቅበት አማና ነው።

ልጆቹ ለምን ያቋርጣሉ?

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። 6ኛ ክፍል ሲደርስ የሚኒስትሪ ፈተና አለ፤ 8ኛ ክፍል ሌላ ፈተና። «ለጊዜው ከመድረሳ ይረፍና ያጥና» ይባላል፤ ዕረፍቱ በዚያው ይቀራል። ተከራይ ቤተሰብ ሰፈር ይቀይራል። ኡስታዙ ደሞዝ አልበቃው ብሎ ሌላ ሥራ ያገኛል። ሴቷ ልጅ ከፍ ስትል «ቤት ታግዝ» ትባላለች። ሌላ መድረሳ የገባው ልጅ ደግሞ አዲሱ ኡስታዝ የት እንደደረሰ የሚያውቅበት ወረቀት ስለሌለ እንደገና ከቃዒዳ ይጀምራል። ሦስት መድረሳ ቀይሮ ሦስቴ ቃዒዳ የጨረሰ፣ ሶላት ግን አንዴም በሥርዓት ያልተማረ ልጅ በየሰፈሩ አለ።

ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነገር ነው። በየዓመቱ የሚደጋገምን ነገር እንደ ድንገተኛ አደጋ ማየት አይቻልም። ልጅ እንደሚያቋርጥ እያወቁ ለማያቋርጥ ልጅ ብቻ ማቀድ፣ ዝናብ እንደሚመጣ እያወቁ ጣሪያውን መጨረሻ ላይ እሠራዋለሁ ብሎ ቤት ውስጥ እንደመግባት ነው።

ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል?

አምስት ዓመት መድረሳ የተመላለሰ የ12 ዓመት ልጅ አስቀምጡና ጠይቁት። ሱረቱል ሙልክን በቃሉ ሊያነበንብላችሁ ይችላል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ውዱእን ምን ያፈርሰዋል? የመጀመሪያውን ተሸሁድ ረስቶ ቢቆም ምን ያደርጋል? ትጥበት መቼ ግዴታ ይሆንበታል? በየቀኑ ከሚቀራት ከሱረቱል ኢኽላስ ውስጥ «አስ-ሶመድ» ማለት ምን ማለት ነው? ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ካሪኩለሙ እዚያ ሳይደርስ እነሱ ወጥተዋል።

በብዙ መድረሳዎች ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦ መጀመሪያ ቃዒዳ፣ ከዚያ ጁዝ ዐማ፣ ከዚያ ሒፍዝ፣ ከዚያ ተጅዊድ፣ «ከዚያ በኋላ» ፊቅህ፣ «ከዚያ በኋላ» ዐረብኛ። ልጁን ነገ ጠዋት የምታስፈልገው ዕውቀት «ከዚያ በኋላ» የሚል ሣጥን ውስጥ ተቆልፋለች። ሣጥኑ ሳይከፈት ልጁ ይሄዳል።

የፈተናውን ቀን ሸሪዓው ቆርጦታል

ካሪኩለም ሲነደፍ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጁ ይህን እስከ መቼ ማወቅ አለበት?» የሚለው ነው። ለዚህ አዲስ ጥናት አያስፈልገንም፤ ሸሪዓው ቀኑን ቆርጦልናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጆች 7 ዓመት ሲሞላቸው በሶላት እንዲታዘዙ አዘዋል። ልጁ ባሊግ ሲሆን ደግሞ ቀለም ይጻፍበታል፤ ሙከለፍ ይሆናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ምልክቱ ቀደም ብሎ ባይታይ እንኳ 15 የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ባሊግ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «እዚያ ምዕራፍ ገና አልደረስንም» የሚል ሰበብ ለልጁ ዋጋ የለውም፤ ኃላፊነቱን ለተሸከምነው ለእኛም ዋጋ የለውም።

ዑለሞቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በአገራችን ፊቅህ ጀማሪ ሁሉ የሚያውቃትን ሰፊነቱ ነጃን ክፈቱ። የሐድረመውቱ ሼህ ሳሊም ኢብኑ ሱመይር ያዘጋጇት ትንሽ ኪታብ ናት። በኢስላም ማዕዘናት ትጀምራለች፣ ወደ ኢማን ማዕዘናት ታልፋለች፣ የከሊማውን ትርጉም ትናገራለች። ቀጥሎ ምን ይመጣል? ውዱእ እንዳትሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የባሊግነት ምልክቶች ናቸው! ውዱእ የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። ሼሁ ለማን እንደሚጽፉ ያውቁ ነበር፤ ለጀማሪው መጀመሪያ የሚነግሩት ግዴታው ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸናበት ነው። እኛ ይችን ገጽ ወስደን ሒፍዝ ለጨረሰ፣ ጺም ላበቀለ ተማሪ እናስተምራታለን።

ኢብኑ ኸልዱን ምን አስተዋለ?

ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ያረፈው ኢብኑ ኸልዱን በሙቀዲማው ውስጥ የሙስሊም አገሮች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያስተምሩ አነጻጽሯል። የመግሪብ ሰዎች ልጁን በቁርኣን ብቻ ይወስኑታል። የአንደሉስ ሰዎች ከቁርኣን ጋር ግጥም፣ ሰዋስውና የእጅ ጽሕፈት ይቀላቅላሉ። የኢፍሪቂያ ሰዎች ሐዲስ ይጨምሩበታል። ከዚያም የአንደሉሱን ቃዲ የአቡበክር ኢብኑል ዐረቢን ሐሳብ ያነሳል፦ ልጁ መጀመሪያ ቋንቋውን፣ ቀጥሎ ሒሳብን ተምሮ ወደ ቁርኣን ቢገባ የሚያነበውን እየተረዳ ያነብ ነበር። ኢብኑ ኸልዱን ሐሳቡን ያማረ ነው ይለዋል። ቢሆንም ልማዱ ቁርኣንን ማስቀደም የሆነበትን ምክንያት ይሰጣል፦ ልጁ ከወላጁ እጅ ሲወጣ ትምህርቱ ሊቋረጥ ይችላል፤ ቁርኣኑ ጨርሶ እንዳያመልጠው አስቀድሞ ይያዝ።

ምክንያቱን ልብ በሉ። ቁርኣን የቀደመበት ምክንያት ልጁ ሊያቋርጥ ይችላል የሚለው ስሌት ነው! ቅደም ተከተሉን የወሰነው የሚያቋርጠው ልጅ ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ወርሰን ምክንያቱን ጥለነዋል። ያንኑ ምክንያት ዛሬ በሥራ ብናውለው «ሊያመልጠው የማይገባው ሁሉ ይቅደም» የሚል ውሳኔ ላይ ያደርሰናል፤ ፋቲሓ፣ አጫጭር ሱራዎች፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ሶላት፣ ጦሀራና ዐቂዳ።

የሴቶቹ ጉዳይ የባሰ ነው

ሐይድ በሸሪዓ ከ9 ዓመት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። የሐይድ ብይን በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ የሚገኘው በጦሀራ ባብ ነው፤ የመጀመሪያው ባብ ማለት ነው። በመድረሳዎቻችን ግን ወይ አይነካም፣ ወይ ኡስታዙ አፍሮ ይዘለዋል። ሴት ኡስታዛ ደግሞ በብዙ ቦታ ለትንንሾች ቃዒዳ ብቻ ነው የምትመደበው። ውጤቱ ምንድን ነው? ልጅቷ ሶላት መቼ እንደምትተው፣ መቼ ታጥባ እንደምትመለስ፣ የረመዳን ቀዳ ምን እንደሆነ የምትማረው ከጓደኛዋ፣ አለዚያም ከስልኳ ነው። የሙእሚኖች እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) የመዲና ሴቶች መስገድና መጾም ይችሉ ዘንድ የሚጠይቁትን እያስረዳች ሃይማኖትን አስተላልፋልናለች። የአንሷር ሴቶች ሐያእ ሃይማኖታቸውን ከመጠየቅ ስላልከለከላቸው አመስግናቸዋለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተጠየቁበትንና የመለሱበትን ጉዳይ «ነውር ነው» ብሎ የሚዘል መድረሳ ሐያእን ከማን ተማረው?

ለሚነሱ መከራከሪያዎች

አንደኛ፦ «ይህ ሒፍዝን ማቃለል ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ሐሻ! ቁርኣንን ሙሉ በሙሉ መሐፈዝ ትልቅ ክብር ነው፤ በኡማው ላይ ግን ፈርዱል ኪፋያ ነው። ሶላቱን አስተካክሎ መስገድ በእያንዳንዱ ላይ ፈርዱል ዐይን ነው። ፈርዱል ኪፋያን ይዞ ፈርዱል ዐይንን ያስጣለ ካሪኩለም ቁርኣንን አላከበረም። ደግሞ በሒፍዝ ስም የምንሠራውን እንመርምር። ቁርኣን ከታሰረ ግመል ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚያመልጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ለተመራቂ ሐፊዞቻችን ከምረቃው ማግስት ጀምሮ የሙራጀዓ ፕሮግራም ያለው ስንት መድረሳ ነው? ሒፍዝን የምናከብር ከሆነ ከፎቶው በኋላም እናክብረው።

ሁለተኛ፦ «አባቶቻችን በዚሁ መንገድ ነው ዓሊም የሆኑት» ይባላል። እስቲ የአባቶቻችንን መንገድ በትክክል እንየው። በዳና፣ በገታ፣ በዳወይ፣ በራያ ሼሆች ዘንድ የቀራው ደረሳ ዕውቀት ፍለጋ ከአገሩ የወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ለቂርአት የሰጠ ወጣት ነበር። በፊቅህ የታወቀ ሼህ ዘንድ ፊቅህ ይቀራል፣ ነህው ሲፈልግ በነህው ወደታወቀው ይሄዳል። ከአጁሩሚያ ወደ ቀጥሩ ነዳ፣ ከዚያ ወደ አልፊያ የሚያሻግረው ያሳለፈው ዓመት ብዛት አልነበረም፤ ኪታቡን ሼሁ ፊት ቀርቶ ማኽተሙ ነበር። ሼሁም እየቀራ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይፈታለት ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደረሳው ከቤቱ ሲወጣ ውዱእና ሶላትን ከአያቱና ከመንደሩ ጀማዓ አይቶ ለምዶ ነው የወጣው።

እኛስ? የዚያን ሥርዓት ቅደም ተከተል ወስደን ከዐስር በኋላ ለአንድ ሰዓት ወይም ለቅዳሜና እሑድ ለሚመጣ የከተማ ልጅ አለበስነው። ሙሉ ቀኑ የለም፤ መንደሩ የለም፤ አያት ራቅ ብላለች፤ አባት ከመግሪብ በኋላ ነው የሚገባው። የአባቶቻችንን ልብስ በግማሽ ቀደን ለልጅ አልብሰን «ለምን አልሆነውም?» እንላለን።

ሦስተኛ፦ «ዲን በዐረብኛ እንጂ በአማርኛ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ዐረብኛ የዲናችን ቋንቋ ነው፤ ዓሊም ለሚሆነው ያለ ዐረብኛ መንገድ የለም። ለ8 ዓመት ልጅ ግን ትርጉሙን በሚገባው ቋንቋ መንገር የዑለሞቻችን ሱና ነው። የወሎ ሼሆች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም እየጻፉ ሕዝቡን ዐቂዳ አስተምረዋል። ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ የቁርኣንን የአማርኛ ትርጉም ሠርተው በ1961 ዓ.ም ሲታተም ለማን ደከሙ? ኦሮምኛ ለሚናገር በኦሮምኛ፣ ስልጢኛ ለሚናገር በስልጢኛ ይፈታለት። ያልገባውን የሚደግም ልጅ ድምፁን እንጂ ልቡን አላመጣልንም።

አራተኛ፦ «ትምህርት ቤቱ ያስተምረዋል» ብሎ የሚዘናጋ ወላጅ አለ። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ልጅህ በመደበኛው ትምህርት ቤት ሶላት አይማርም። መድረሳው ካላስተማረው ማንም አያስተምረውም።

ምን ዓይነት መሰላል?

ትችት ብቻ ይዞ መምጣት ቀላል ነው። ስለዚህ የሚታየኝን ላስቀምጥ፤ ዑለሞች ያርሙት፣ ያሻሽሉት። መሠረቱ አንድ ነው፦ ልጁ በየትኛውም ደረጃ ቢወጣ ለዕድሜው የሚበቃውን ይዞ ይውጣ።

1. ከ4 እስከ 7 ዓመት፦ ፊደል፣ ፋቲሓ፣ ጥቂት አጫጭር ሱራዎች፣ የከሊማው ትርጉም በቋንቋው፣ የምግብና የመኝታ ዱዓዎች፣ የነቢያት ታሪክ። ዱላ የለም። በተማሪ ላይ ማክበድ ልጁን ውሸትና ተንኮል እንደሚያስተምረው ኢብኑ ኸልዱን ራሱ ጽፏል። በዚህ ዕድሜ መድረሳን የጠላ ልጅ ቆይቶ መመለሱ ከባድ ነው።

2. ከ7 እስከ 10፦ ውዱእ በውኃ፣ ሶላት በምንጣፍ ላይ። በደብተር ብቻ አይበቃም። ጁዝ ዐማ ከነትርጉሙ፤ ቁርኣንን አይቶ ማንበብ። መውጫ ፈተናው፦ ልጁ ኡስታዙ ፊት ውዱእ አድርጎ ሁለት ረከዓ ይሰግዳል። በሻፊዒይ የውዱእ ፈርዶች ስድስት ናቸው፤ ይቆጥራቸዋል፣ በእጁም ያሳያቸዋል።

3. ከ10 እስከ ባሊግነት፦ የባሊግነት ምልክቶች፣ ትጥበት፣ ለሴቶች ሐይድ በሴት ኡስታዛ፣ ጾም፣ ሰጅደቱ ሰህው፣ ሐላልና ሐራም፣ ሐሜት፣ አማና፣ የወላጅ ሐቅ፣ ሲራ። ከዚህ ደረጃ በፊት ማንም ልጅ ከመዝገብ በዝምታ አይሰረዝ። ሊያቋርጥ የመጣ ወላጅ «ይህችን ብቻ ያጠናቅቅ» ተብሎ ይለመን።

4. ከባሊግነት እስከ 12ኛ ክፍል፦ ዐቂዳ ከነመረጃው፣ ነህው፣ አርበዒን አን-ነወዊያ፣ የኒካሕ መሠረቶች፣ ግብይት። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል፤ በየባንኩ ከወለድ ነጻ መስኮት አለ። ወጣቱ ግን ሙራበሓ ከብድር በምን እንደሚለይ አያውቅም፤ ሪባን የሚያውቀው በስሙ ብቻ ነው። መርካቶ ሱቅ የሚቆመው፣ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄደው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሁሉ የሚወጡት ከዚህ ደረጃ ነው። ሒፍዝ ለቻለና ለወደደ ከ2ኛው ደረጃ ጀምሮ ጎን ለጎን ይሂድ።

5. ተኸሱስ፦ ዓሊም፣ ቃዲ፣ ኢማም ለሚሆኑት። ሚንሃጅ፣ አልፊያ፣ ኡሱል፣ ሙስጦለሕ፣ ተፍሲር። እዚህ በአንድ ዓመት ኮርስ «ኡስታዝ» ማስባል አይቻልም፤ ኪታቡን ያኸተመ፣ ከሼኹ ኢጃዛ ያገኘ ብቻ ይመረቅ።

በየደረጃው የሚሰጠው ወረቀትም «ይህን ያህል ዓመት ተምሯል» አይበል። «ይህን ይችላል» ይበል። ልጁ መድረሳ ሲቀይር ወረቀቷ አብራው ትሂድ፤ አዲሱ ኡስታዝ ካቆመበት ይቀጥል።

ማን ምን ያድርግ?

ወላጆች፦ ለጋዋን፣ ለኬክና ለፎቶ የምታወጡትን ከኡስታዙ የወር ክፍያ ጋር አስተያዩት። ኡስታዙ በየዓመቱ የሚለቀው ለምን እንደሆነ መልሱ እዚያው አለ። ደግሞ ልጃችሁን «ስንት ጁዝ ደረስክ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁት። «ና፣ አሰግደኝ» በሉት።

የመድረሳ ኃላፊዎች፦ ወላጅን የሚስበው የሐፊዝ ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም አላህ ዘንድ የምትጠየቁት ፖስተር ላይ ስላወጣችሁት ልጅ ብቻ አይደለም።

መጅሊስ፦ በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ለዓመታት ሲታገሉለት የነበረ መብት ነው። ከዚህ መብት ሕዝቡ አንድ ነገር ቢጠብቅ አይበዛበትም፦ በሁሉም መድረሳ የሚሠራ አንድ ገጽ። ሙሉ መጽሐፍ እስኪታተም አንጠብቅ። ልጅ በ7፣ በ10 እና ባሊግ ሲሆን ምን ማወቅ እንዳለበት በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ዑለሞች ይፈርሙበት፤ በየመስጂዱ በር ይለጠፍ። በዝርዝር ኪታቦች፣ በመዝሀብና በአካሄድ ብንለያይም የውዱእና የአምስት ወቅት ሶላት ግዴታነት ላይ የሚለያይ የለም። ከዚያ እንጀምር።

ዑለሞች እንደሚሉት ዕውቀት ከተግባር በፊት ነው፤ ተግባሩ ግዴታ በሆነበት ቀን ዕውቀቱ ካልደረሰ ግን ማን ዘገየ? ልጁ አልዘገየም፤ እርሱ በቀኑ ባሊግ ሆኗል። የዘገየው ካሪኩለማችን ነው።

አላህ ልጆቻችንን ሶላት የሚያቆሙ ያድርግልን። የኡስታዞቻችንን ድካም ይቀበላቸው፣ ሪዝቃቸውን ያስፋላቸው። ያቋረጡትን ልጆቻችንን በመልካም ይመልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።  ለሚመለከተው የመድረሳ ኃላፊና ወላጅ አድርሱልን።